ሃይድሮጅን ሦስት አይደለም፦ በስፋት ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሃይድሮጅን አንድ ንጥረ ነገር ሳይሆን ሦስት ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙዎች ሲነበብና ሲጋራ ሰንብቷል። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ የሚያነሣቸው ጥያቄዎችም በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። ይሁን እንጂ ተማሪዎች እንደ አዲስ ግኝት ሲቀባበሉት፣ አንዳንድ መምህራንም «ነገሩ ያስኬዳል» ሲሉ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስህተቱ የኬሚስትሪን መሠረት የሚነካ ነው። በዚህ መሠረት ላይ የተሳሳተ ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚማረው ሁሉ ይዛባበታል።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የተራው ሃይድሮጅን፣ የዲዩተሪየምና የትሪቲየም የመጠነ ቁስ ቁጥር በቅደም ተከተል 1፣ 2 እና 3 ነው። አንዱ ከሌላው እጥፍና ሦስት እጥፍ የሚከብዱ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ስህተት ነው፤ የንጥረ ነገር መለያ መሆን የሚገባውም የመጠነ ቁስ ቁጥር እንጂ አቶሚክ ቁጥር አይደለም ይላሉ። አቶሚክ ቁጥር የኤሌክትሮኖች ቆጠራ በመሆኑ ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል ሲሉም ያክላሉ። ትሪቲየም በጊዜ ብዛት አቶሚክ ቁጥሩ ከ1 ወደ 2 ሲለወጥ የመጠነ ቁስ ቁጥሩ 3 እንደሆነ ስለሚቀር፣ ጸንቶ የሚኖረው ሁለተኛው ቁጥር ነው። በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ በሃይድሮጅን ሥር የሚጻፈው 1.008 ሙሉ ቁጥር አለመሆኑን ደግሞ መጻሕፍቱ ራሳቸው ግራ ለመጋባታቸው ማስረጃ ያደርጉታል። አይሶቶፖች፣ ማለትም በፕሮቶን ብዛት አንድ ሆነው በኒውትሮን ብዛት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች፣ በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ናቸው ቢባልም ከባድ ውኃ (በተራው ሃይድሮጅን ፈንታ ዲዩተሪየም የያዘ ውኃ) ከተራው ውኃ በግልጽ እንደሚለይ ይጠቅሳሉ። አይሶቶፕ ማለት ጨረር አመንጪ ማለት ስለሆነም በምንጠጣው ውኃ ውስጥ ያለው ዲዩተሪየም ሊያሳስበን ይገባል ይላሉ። መደምደሚያቸው ሃይድሮጅን በሰንጠረዡ ላይ ሦስት ሳጥን ይሰጠው የሚል ነው።

የኤሌክትሮኑን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አቶሚክ ቁጥር የሚቆጥረው በኒውክለስ ውስጥ ያሉትን ፕሮቶኖች ነው። ሙሉ አቶም ሲሆን የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከፕሮቶኖቹ ጋር እኩል ስለሚሆን ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው፤ አንዳንድ መማሪያ መጻሕፍትም ልዩነቱን በግልጽ አያስቀምጡትም። በአሲድ ውስጥ ኤሌክትሮኑን ያጣው ሃይድሮጅን ግን ፕሮቶኑ ከእርሱ ጋር ነው፤ ቁጥሩም 1 ነው። ኤሌክትሮን ሲያገኝ መልሶ ተራ ሃይድሮጅን መሆኑ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ዋናው ክርክር ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ማንነትን ይወስናል የሚለው ነው። የመጠነ ቁስ ቁጥር የፕሮቶኖችና የኒውትሮኖች ድምር ነው። ሦስቱም የሃይድሮጅን ዓይነቶች አንድ አንድ ፕሮቶን አላቸው፤ ተራው ወይም ፕሮቲየም ኒውትሮን የለውም፣ ዲዩተሪየም አንድ፣ ትሪቲየም ሁለት ኒውትሮን ይዟል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። ነገር ግን ኬሚስትሪ የኤሌክትሮኖች ሥራ ነው። አቶም ከአቶም ጋር የሚተሳሰረው በኤሌክትሮኖቹ ነው፤ ስንት ኤሌክትሮን እንደሚይዝና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚወስነው ደግሞ የኒውክለሱ አዎንታዊ ሙል (ፖዘቲቭ ቻርጅ) ነው። ኒውትሮን ሙል ስለሌለው ኤሌክትሮንን አይስብም፣ አይገፋምም። አቶሙን ያከብደዋል እንጂ ሌላ ንጥረ ነገር አያደርገውም።

ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው እንለይ የሚለው ሐሳብ አዲስ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌዬቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሰንጠረዡን ሲያዘጋጅ የተነሣው ከአቶም ክብደት ነበር፤ በጊዜው ሌላ መለኪያ አልነበረም። ያ መለኪያ ግን ወዲያው አደናቀፈው። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፤ የመጀመሪያው 127.6፣ ሁለተኛው 126.9 ነው። በክብደት ቢደረደሩ አዮዲን ከእነ ክሎሪንና ብሮሚን ቤተሰብ ወጥቶ ከማይመስሉት ጋር ይቀመጥ ነበር። ሜንዴሌዬቭ ጠባያቸውን ተከትሎ ቴሉሪየምን አስቀደመ፤ የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ መስሎትም ነበር። ክብደቱን የለኩት ሰዎች ግን አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ክብደትን መለያ ማድረጉ ነበር። በ1913 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞዝሊ ንጥረ ነገሮች የሚለቁትን የኤክስሬይ ድግግሞሽ ሲለካ፣ ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ ሲሄድ በእኩል እርምጃ የሚጨምር አንድ መጠን አገኘ፤ እርሱም የኒውክለሱ ሙል ነው። በክብደት ቅደም ተከተላቸው የተምታታው ኮባልት (58.93) እና ኒኬል (58.69) በሞዝሊ ልኬት 27ኛ እና 28ኛ ሆነው በየቦታቸው ተቀመጡ። ይህ ወጣት በ27 ዓመቱ በጋሊፖሊ ጦር ሜዳ መሞቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ጸሐፊው እንዲመለስ የሚፈልጉት የክብደት መለያ ተሞክሮ፣ ተፈትኖ የወደቀ ነው።

አሁን ወደ ትሪቲየም ልመለስ። ጸሐፊው ዋና ምስክራቸው አድርገው ያቀረቡት እርሱን ነው፤ ምስክሩ ግን የሚመሰክረው ለተቃራኒው ወገን ነው። የትሪቲየም የግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ከአቶሞቹ ግማሹ የሚበተንበት ጊዜ፣ 12.32 ዓመት ነው። ጊዜው ሲደርስ ከሁለቱ ኒውትሮኖች አንዱ ወደ ፕሮቶን ይለወጣል፣ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ አንቲኒውትሪኖ (ሙል የሌለው እጅግ ቀላል ቅንጣት) ይወጣሉ፤ የሚቀረው ሁለት ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ያለው ሂሊየም-3 ነው። እውነት ነው፣ የመጠነ ቁስ ቁጥሩ ፊትም 3፣ ኋላም 3 ነው። እስቲ የሆነውን እንመልከት። ትሪቲየሙ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ውኃ ሠርቶ ነበር እንበል። ለውጡ በተፈጸመ ጊዜ ያ የውኃ ሞለኪውል ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ሂሊየም ከኦክስጅን ጋር አይተሳሰርም። ሲነድ ውኃ የሚሆነው ነገር፣ እሳት የማይነካው ጋዝ ሆነ። ሚዛኑስ? የትሪቲየም አቶም 3.01605፣ የሂሊየም-3 አቶም 3.01603 ነው። ልዩነቱ 0.00002 ብቻ ነው። በክብደት ብንፈርድ እነዚህ ሁለቱ ፍጹም መንትዮች በሆኑ ነበር። በመካከላቸው የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኒውክለሱ ሙል ከ1 ወደ 2 አደገ፣ ማንነቱም አብሮ ተለወጠ። መለያ ማለት ምንጊዜም የማይለወጥ ነገር ማለት አይደለም፤ እርሱ ሲለወጥ ነገሩ ሌላ የሚሆንበት ማለት ነው።

1.008 የሚለውን ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ወድጄዋለሁ፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው እፈልጋለሁ። ጸሐፊው «0.008 ኒውትሮን የሚባል ነገር አለን?» ብለው ይጠይቃሉ። የለም። ነገር ግን 1.008 የመጠነ ቁስ ቁጥር አይደለም። የመጠነ ቁስ ቁጥር ቆጠራ ስለሆነ ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ነው። በሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው በተፈጥሮ የሚገኙት አይሶቶፖች የተመዘነ አማካይ መጠነ ቁስ ነው። በእነዚህ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ የአንድ ነጠላ አቶም ትክክለኛ መጠነ ቁስ። ተማሪዎች ሦስቱን ሲያምታቱ አይፈረድባቸውም፤ ብዙ መጻሕፍት በአንድ ገጽ ላይ ሳይለዩ ይደረድሯቸዋልና። በዚህ የጸሐፊው ወቀሳ ተገቢ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ብዙዎች የሰጡት መልስም ትክክል አይደለም። «0.008 የመጣው ተራው ሃይድሮጅን ከዲዩተሪየም ጋር ስለተቀላቀለ ነው» ይላሉ። ክሎሪን ላይ ቢሆን ይህ መልስ ያስኬድ ነበር፤ ክሎሪን-35 ሦስት አራተኛ ያህል፣ ክሎሪን-37 አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሆኑ አማካዩ 35.45 ይወጣል። በሃይድሮጅን ግን ሒሳቡ አይሠራም። በባሕር ውኃ ውስጥ ዲዩተሪየም የሆነው ከ6,400 የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ ገደማ ነው። ይህ ለአማካዩ የሚጨምረው 0.00016 ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከየት መጣ? ከተራው ሃይድሮጅን ከራሱ ነው። አንዲት የፕሮቲየም አቶም ብቻዋን ስትመዘን 1.007825 ነች።

ምክንያቱ የመለኪያው አሃድ ነው። አሃዱ የካርቦን-12 አቶም አንድ አሥራ ሁለተኛ ተብሎ ተወስኗል። በካርቦን-12 ኒውክለስ ውስጥ ስድስት ፕሮቶኖችና ስድስት ኒውትሮኖች ተሳስረዋል፤ ሲተሳሰሩም ከመጠነ ቁሳቸው ጥቂቱ ጉልበት ሆኖ ወጥቷል። የተራው ሃይድሮጅን ፕሮቶን ግን ከማንም ጋር ስላልተሳሰረ የከፈለው ነገር የለም፤ ስለዚህ በካርቦን ሚዛን ሲለካ ከ1 ትንሽ ከፍ ይላል። ዲዩተሪየም ላይ ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአንድ ተራ ሃይድሮጅን አቶምና የአንድ ነጻ ኒውትሮን ድምር 2.01649 ነው፤ ዲዩተሪየም ግን የሚመዝነው 2.01410 ነው። የጎደለው 0.0024 ገደማ ሁለቱ ሲተሳሰሩ የወጣው ጉልበት ነው። አራት የሃይድሮጅን አቶሞች 4.0313 ይመዝናሉ፣ አንድ የሂሊየም አቶም 4.0026 ነው፤ ጉድለቱ 0.7 በመቶ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አስተን አቶሞችን በትክክል መዝኖ ይህን ልዩነት ሲያሳይ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤዲንግተን በ1920 የፀሐይ ጉልበት ምንጭ ይኸው ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ግምቱም ትክክል ነበር። ጸሐፊው የመጻሕፍት ስህተት ያሉት 0.008 ፀሐይ የምትነድበት ሒሳብ ነው። ተማሪ ይህን ቁጥር አይቶ «የተሳሳተ ነው» ብሎ እንዲያልፈው የሚያደርግ ጽሑፍ ትልቅ ነገር ይነጥቀዋል።

ከባድ ውኃን በተመለከተ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ፤ ልነፍጋቸው አልፈልግም። ከባድ ውኃ በ0 ሳይሆን በ3.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይረጋል፣ በ101.4 ይፈላል፣ እፍግታውም ከተራው ውኃ በ11 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ በረዶው ተራ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። ኬሚካዊ ጽግብሮት (ሪአክሽን) ላይም ልዩነት አለ። ከካርቦን ጋር የተሳሰረ ዲዩተሪየም ከተራው ሃይድሮጅን ይልቅ በዝግታ ይላቀቃል፤ በክፍል ሙቀት ፍጥነቱ ስድስት ሰባት እጥፍ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። በ1933 አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ ንጹሕ ለመሆን የተቃረበ ከባድ ውኃ ያገኘው ውኃን በኤሌክትሪክ ደጋግሞ በመበተን ነው፤ ቀላሉ ቀድሞ ይወጣል፣ ከባዱ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ዲዩቴትራቤናዚን የተባለ መድኃኒትም በሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዳይበተን ዲዩተሪየም የገባበት ነው። ስለዚህ «አይሶቶፖች በኬሚካዊ ጠባያቸው ፍጹም አንድ ናቸው» የሚል መጽሐፍ ካለ፣ በሃይድሮጅን ረገድ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ካርቦን-13 ከካርቦን-12 የሚበልጠው በ8 በመቶ ገደማ ነው፣ ዲዩተሪየም ግን የፕሮቲየም እጥፍ ነው። ያን ያህል የክብደት ልዩነት ያለው ሌላ የጸኑ (የማይበተኑ) አይሶቶፖች ጥንድ የለም።

ነገር ግን ፍጥነት ሌላ፣ ማንነት ሌላ ነው። ዲዩተሪየም ከኦክስጅን ጋር ሁለት ለአንድ ሆኖ ውኃ ይሠራል፣ ከናይትሮጅን ጋር ሦስት ለአንድ ሆኖ አሞኒያ ይሠራል፣ ከካርቦን ጋር አራት ለአንድ ሆኖ ሚቴን ይሠራል። ተራው ሃይድሮጅን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ይገባል። ከባድ ውኃና ተራ ውኃ በአንድ ዕቃ ቢቀላቀሉ ሁለቱ እንደተለያዩ አይቆዩም፤ አቶሞቹ ቦታ ይለዋወጡና አንድ ተራ ሃይድሮጅንና አንድ ዲዩተሪየም የያዘ ውኃ ይፈጠራል። ሂሊየም ወይም ሊቲየም እንዲህ በሃይድሮጅን ቦታ ተተክቶ ውኃውን ውኃ አድርጎ አያቆየውም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ግን ብርሃን ይሰጠናል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሪ፣ ከፈርዲናንድ ብሪክዌድና ከጆርጅ መርፊ ጋር ሆኖ በ1931 ዲዩተሪየምን ያገኘው የሃይድሮጅንን የብርሃን መስመሮች ሲመረምር ነው፤ ለዚህም በ1934 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ያየው ምን ነበር? ከታወቁት የሃይድሮጅን መስመሮች አጠገብ ተጠግተው የቆሙ ደብዛዛ መስመሮችን። ቀዩ የሃይድሮጅን መስመር 656.28 ናኖሜትር ላይ ነው፤ የዲዩተሪየሙ 656.10 ላይ ነው። ልዩነቱ 0.03 በመቶ እንኳ አይሞላም። የኒውክለሱ መጠነ ቁስ እጥፍ ሆኖ፣ የኤሌክትሮኑ ጉልበት የተነካው ይህን ያህል ብቻ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የቀረለትን ሂሊየም ደግሞ ውሰዱ፤ በአንድ ኤሌክትሮን ከሃይድሮጅን ጋር ይመሳሰላል፣ የኒውክለሱ ሙል ግን 2 ነው። የኤሌክትሮኑ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። መጠነ ቁስን በእጥፍ ማሳደግ ከአንድ በመቶም በጣም ያነሰ ለውጥ ያመጣል፤ ሙልን በእጥፍ ማሳደግ አራት እጥፍ ያመጣል። ከሁለቱ የትኛው መለያ መሆን እንዳለበት ተፈጥሮ ራሷ ፈርዳለች።

ስለ ጨረር የተባለው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰውን ያስፈራልና፣ ፍርሃትም ገበያ አለው። ዲዩተሪየም የተቀነሰለት ውኃ እየተባለ የሚሸጥ ምርት መኖሩን ጸሐፊው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ አንባቢ ግን ሊያውቅ ይገባል። ማንኛውም አቶም የሆነ ንጥረ ነገር አይሶቶፕ ነው። ፕሮቲየምም አይሶቶፕ ነው፤ የወርቅ ቀለበት ሙሉ በሙሉ ወርቅ-197 ነው። ዲዩተሪየም ጨረር አያመነጭም። አብዛኛው የተፈጠረው አጽናፈ ዓለም በተወለደባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው፤ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሳይበተን ቆይቷል። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ሁለት ግራም ያህል ይገኛል። ከባድ ውኃ አጥቢ እንስሳትን የሚጎዳው ከሰውነታቸው ውኃ ሩብ ያህሉን ሲተካ ነው፤ ግማሽ ያህሉን ሲተካ ይገድላል። በምግብ ጥናት የሰውን የጉልበት ፍጆታ ለመለካት ሲፈለግ ዲዩተሪየምና ኦክስጅን-18 የበዛበት ውኃ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሳይቀር ይሰጣል።

ትሪቲየም ግን በእርግጥ ጨረር አመንጪ ነው፤ ይህን ማቃለል ሌላ ስህተት ይሆናል። የኮስሚክ ጨረሮች ከሚያስነሷቸው ኒውትሮኖች አንዳንዶቹ በከባቢ አየር ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ በተፈጥሮ ይፈጠራል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኒውክለር ቦምብ ሙከራዎች በዝናብ ውኃ ውስጥ ያለውን መጠን እጅግ አንረውት ነበር፤ የ1963ቱ ስምምነት የከባቢ አየር ሙከራን ከገደበ ወዲህ ግን እየቀነሰ መጥቷል። ጨረሩ ደካማ ነው፤ የቆዳን ሙት ሽፋን አያልፍም፣ ጉዳቱ የሚመጣው በብዛት ሲጠጣ ወይም ሲተነፈስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 10,000 ቤኬሬል (በሴኮንድ 10,000 አቶም መበተን) ነው። የሚያሳስበን ትሪቲየም ከሆነ ስለ ትሪቲየም መጠን እንነጋገር፤ የጸናውን ዲዩተሪየም ከእርሱ ጋር አብሮ መክሰስ ለማንም አይጠቅምም።

የቀረው የሦስት ሳጥን ጥያቄ ነው። ዲዩተሪየምና ትሪቲየም የራሳቸው ስምና ተቀባይነት ያለው የራሳቸው ምልክት እንዳላቸው ጸሐፊው መጥቀሳቸው ትክክል ነው፤ ይህ ለሃይድሮጅን የተሰጠ ልዩ አያያዝ ነው፣ የመጣውም ቅድም ከተናገርኩት ትልቅ የክብደት ልዩነት የተነሣ ነው። ደንቡን ግን ለሃይድሮጅን ብቻ ማውጣት አይቻልም። የመጠነ ቁስ ቁጥር ሳጥን የሚያሰጥ ከሆነ ቆርቆሮ የጸኑት አይሶቶፖቹ ብቻ አሥር ስለሆኑ አሥር ሳጥን ሊሰጠው ነው። ይህም ይሁን፤ ሰፊ ሰንጠረዥ እናሳትም። ችግሩ በሌላው በኩል ነው። አርጎን-40፣ ፖታሲየም-40 እና ካልሲየም-40 የመጠነ ቁስ ቁጥራቸው አንድ ነው። አንዱ ከምንም ጋር የማይተሳሰር ጋዝ ነው፣ አንዱ ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት ነው፣ አንዱ አጥንታችን የተሠራበት ነው። ፖታሲየም-40 ሲበተን አብዛኛው ወደ ካልሲየም-40፣ ቀሪው ወደ አርጎን-40 ይለወጣል፤ ልክ እንደ ትሪቲየም የመጠነ ቁስ ቁጥሩን ይዞ፣ የኒውክለሱን ሙል ለውጦ። በጸሐፊው ደንብ ሦስቱ በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ስም ሊቀመጡ ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የዚያ ሳጥን ነዋሪ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ቢነግሩን፣ ውይይቱን ከዚያ ለመቀጠል ዝግጁ ነኝ።